ለእናት ኮት ኮሌታ የቱ ጌጥ ይሻላል?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ስፌት ከጀመረች ሦስት ዓመት የሆናት አንዲት እህት ለእናቷ በእጇ ኮት እየሰፋች ነው። ጨርቁ ወፈር ያለ ጥቁር አረንጓዴ ሱፍ ነው። እናቷ የሚኖሩት ስናን ውስጥ፣ ወደ ጮቄ ተራራ ጠጋ ብሎ ነው። ኮቱ አልቋል። ኮሌታው ተቆርጧል፣ ገና ግን አልተገጠመም። «ኮሌታው ባዶውን እንዳይሆን ጌጥ ላደርግበት ፈለግሁ። ጥበብ፣ ወርቃማ ሙካሽ፣ አርቴፊሻል ጸጉር፣ ነጭ ዳንቴልና ጥቁር ከፋይ አማርጫለሁ። ለየብቻቸው ሁሉም ያምራሉ። ኮሌታው ላይ ሳስቀምጣቸው ግን ግራ ገባኝ። የቱን ልምረጥ? ስፋቱስ ስንት ይሁን?» ትላለች።

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ምክንያቱን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። እኔ ብሆን ጥበቡን እመርጣለሁ። ሱቅ ተሰቅሎ ያየሽውን ሰፊና አብረቅራቂ ጥበብ ማለቴ ግን አይደለም። ለሸማኔ ታዞ የተሠራ፣ ወርዱ ከ2 ሳንቲሜትር የማይበልጥ፣ የጥጥ ክር ጥበብ ማለቴ ነው። ሁለተኛ ምርጫዬ ከፋዩ (ቬልቬቱ) ነው። ሙካሹንና ጸጉሩን ለዚህ ኮት አልመክርሽም። ዳንቴሉን ለሌላ ልብስ አስቀምጪው።

«ለየብቻቸው ሁሉም ያምራሉ» ያልሽው ትክክል ነው። ግራ ያጋባሽም እሱው ነው። ሱቅ ውስጥ ጌጡን የምታይው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ ማንም ሳይነካው ነው። ኮሌታ ግን ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል፣ አንገት ይነካዋል። ሃያ ዓመት ያለፈኝ ኮት ስሰፋ ነው። አንድ ነገር እርግጠኛ ሆኜ የምነግርሽ፣ ጌጥ የሚመረጠው ኮቱ በሚኖረው ኑሮ እንጂ በመልኩ ብቻ አይደለም።

እስቲ እናትሽን አስቢያቸው። ደብረ ማርቆስ ራሱ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እናትሽ ያሉት በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ ይህ ኮት ለፎቶ የሚለበስ አይደለም። ጠዋት ውርጩ ሳይነሳ ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ይለብሱታል። ገበያ ሲሄዱ ይለብሱታል። ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡም ላያወልቁት ይችላሉ። ከላዩ ነጠላ ወይ ጋቢ ይደርባሉ። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ጸጉራቸውን ቅቤ የሚቀቡ ከሆነ ቅቤው ሲቀልጥ ወደ አንገት ይወርዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ አለ። እንግዲህ ከኮቱ ሁሉ ይህን መከራ በሙሉ የሚቀበለው ኮሌታው ነው። ቅቤው እዚያ ያርፋል። ነጠላው እዚያ ይታሻል። ጭሱም እዚያ ይገባል። አምስቱንም ጌጦች በዚህ ወንፊት አሳልፊያቸው።

ከሙካሹ ልጀምር፣ ምክንያቱም ልብሽ ወደ እሱ ያደላ ይመስለኛል። አልፈርድብሽም። ሙካሽ በሚያብለጨልጭ ክር የሚሠራ የክብር ጌጥ ነው። ካባ ላይ ሲያርፍ ልብ ይሞላል። ካባ ግን በዓመት ስንት ቀን ይለበሳል? በዓሉ ሲያልፍ ታጥፎ ሳጥን ይገባል። ደግሞ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የሚያብለጨልጭ ክር ብረት አይደለም። ስስ ፕላስቲክ ላይ አሉሚኒየም ተቀብቶ፣ ቀለም ተሰጥቶት፣ በቀጭን በቀጭኑ የተቆረጠ ነው። ትኩስ ካውያ ሲነካው ይኮማተራል። ሲታሽ ቅቡ ይነሳል፣ ወርቅነቱም አብሮ ይሄዳል።

ትልቁ ጉዳት ግን ነጠላው ላይ ነው። የእነዚህ ክሮች ጫፍ ሻካራ ነው። የነጠላ ክር ደግሞ ስስ ነው፣ ላላ ተደርጎ ነው የሚሸመነው። እናትሽ አንገታቸውን ባዞሩ ቁጥር ሙካሹ ከነጠላው ላይ ክር ይመዛል። እመኚኝ፣ ወራት ሳይቆይ ነጠላቸው ትከሻው ላይ ተመዛዝዞ ታገኚዋለሽ። ካላመንሽ አሮጌ ነጠላ ቁራጭ ውሰጂና ሙካሹ ላይ አሥር ጊዜ እሺው። ከዚያ ቁራጩን ወደ ብርሃን አንስተሽ እዪው። ይህን ሙከራ ለማንኛውም ጌጥ አድርጊው። ጎጃም ውስጥ ለእናት ኮት የሚሰፋ ሰው ነጠላውን ረስቶ ኮሌታ መምረጥ የለበትም።

አርቴፊሻል ጸጉሩ ከአክሪሊክ ወይ ከፖሊስተር ነው የሚሠራው። ሁለቱም በእሳት ይቀልጣሉ። ምድጃ ዳር ለምትቀመጥ እናት አንገት ላይ የሚቀልጥ ነገር አላደርግም። ፍንጣሪ ቢያርፍበት ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ስለ ውበቱ ሳላወራ በዚህ ብቻ እተወዋለሁ። «እውነተኛ አጎዛስ?» ካልሽኝ፣ እሱ ይሞቃል፣ ያምራልም። ግን ቆዳው በደንብ ካልለፋ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከኮቱ ጋር አይታጠብም። የእኛ አገር የዋሸራ በግ ደግሞ ጸጉሩ አጭር ነው። ለኮሌታ የሚፈለገውን ድፍን ያለ ለስላሳ ጸጉር አይሰጥሽም። የግድ ካማረሽ በቁልፍ የሚወልቅ አድርጊው።

ዳንቴሉ ላይ ብዙ አልቆይም። ነጭ ነው፣ ጭስ ቤት ውስጥ ነጭ ሆኖ አይቆይም። ስስ ነው፣ ወፍራም ሱፍ ላይ ሲቀመጥ የተለጠፈ ይመስላል። ኪሮሽ የምትችይ ከሆነ ግን ወፈር ባለ የሱፍ ክር፣ ጠቆር ባለ ቀለም፣ በራስሽ እጅ ጠባብ ጠርዝ ብትሠሪ ሌላ ነገር ነው። ሱፍ ከሱፍ ጋር ይስማማል።

ከፋዩ ጨዋ ምርጫ ነው። የኮት ኮሌታን በከፋይ መሥራት የቆየ ልማድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር የተለመደው ቼስተርፊልድ የሚባለው ካፖርት እስከ ዛሬ የሚታወቀው በጥቁር ከፋይ ኮሌታው ነው። አንገትን አይሻክርም፣ ጥቁር አረንጓዴ ላይም ጸጥ ያለ ግርማ አለው። ከፋይን በጠባብ ቁራጭ ጠርዝ ላይ አትለጥፊው ግን። የላይኛውን ኮሌታ በሙሉ በከፋይ ቁረጪው። ከመቁረጥሽ በፊት በመዳፍሽ ዳብሺው። በአንድ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው በኩል ይሻክራል። ጸጉሩ የሚተኛበት አቅጣጫ አለው ማለት ነው። ኮሌታሽ ሁለት ቁራጭ ከሆነ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ካልተቆረጡ፣ ከአንዱ ጨርቅ ወጥተው አንዱ የጠቆረ፣ አንዱ የነጣ ይመስላሉ። ካውያም በቀጥታ አታሳርፊበት። ፊቱን ወደ ታች አድርገሽ ወፍራም ፎጣ ላይ ዘርጊው፣ ከጀርባው እንፋሎት ብቻ ስጪው። አንዴ የተጨፈለቀ ከፋይ ተመልሶ ለመነሳት ያስቸግራል። ከፋዩን ሁለተኛ ያደረግሁት በቅቤው ምክንያት ነው። ቅቤ የነካው ከፋይ ጸጉሩ ይተኛና ጥቁር መስመር ይሠራል። እናትሽ ቅቤ የማይቀቡ ከሆነ ከጥበቡ ጋር እኩል አድርጊው።

አሁን ወደ ጥበቡ።

አንድ ነጠላ አምጥተሽ ወለል ላይ ዘርጊው። ጥበቡ ያለው ሁለቱ ጫፎች ላይ ነው አይደል? ሸማኔው ድሩ (በቁመት የተወጠረው ክር) መሃል ባለቀለሙን ክር በእጁ እየለቀመ፣ ከማጉ (በወርድ ከሚገባው ክር) ጋር እያስገባ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ጥበቡ ከዳር እስከ ዳር በወርዱ ይሄዳል። ርዝመቱ የጨርቁን ወርድ አያልፍም። ሰው ይህን ልብ አይለውም። ያረጀ ነጠላ ወስዶ ጥበቡን ቆርጦ ለኮሌታ ሊያደርገው ሲል ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ ርዝመቱ ላይበቃ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከጥበቡ በላይና በታች የተቆረጠው ድሩ ነው። ማጉን የሚይዘው ነገር ጠፋ ማለት ነው። ጫፉ ላይ ያለውን ክር በጥፍርሽ ሳብ ብታደርጊው አንድ መስመር ሙሉ ይወጣል። ከዚያ ሌላው ይከተላል።

ስለዚህ ከሸማኔ ጋር ተነጋግረሽ አሠሪው። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ሸማኔ አለ። ለሦስት ነገር አደራ በይው። ከጥበቡ በላይና በታች 1 ሳንቲሜትር ያህል ተራ ሽመና ይተውልሽ። እሱን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ትሰፊዋለሽ፣ መተርተሩ ያበቃል። በአንድ ድር ላይም ሁለት ወይ ሦስት መስመር አድርጎ ይሥራልሽ። ለአንድ ኮሌታ ብሎ ድር መዘርጋት ለእሱም አይሆነውም፣ አንቺም ትርፉ ያስፈልግሻል። ሦስተኛው ቅርጹ ትንሽ ይሁን። ሰፊ አበባ ወይ ትልቅ መስቀል በ2 ሳንቲሜትር ውስጥ ይቆራረጣል። ትናንሽ አልማዝ መሰል ቅርጾች፣ ጥርስ ጥርስ ያላቸው መስመሮች ግን ጠባብ ቦታ ላይ ያምርባቸዋል።

ጥበቡ ሲመጣ ፊቱን ብቻ አትዪ፣ ጀርባውን ገልብጪው። ባለቀለሙ ክር ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሲሻገር ጀርባ ላይ ይንጠለጠላል። ረጃጅም ሆኖ የተንጠለጠለ ክር ካየሽ ጥበቡ ሲጎተት ቅርጹ ይጨማደዳል። አጫጭር ከሆነ ጥሩ ነው።

ክሩን በተመለከተ ሸማኔው «ሰው ሠራሹ ይሻላል፣ ፏ ይላል» ሊልሽ ይችላል። ቀሚስ ላይ እውነቱን ነው። የአንቺ ጨርቅ ግን ደብዛዛ ሱፍ ነው። ደብዛዛ ላይ የሚያብረቀርቅ ሲቀመጥ ዓይን ኮቱን ትቶ ጌጡን ብቻ ያያል። ጥጥ ራሱ ደብዛዛ ስለሆነ ከሱፉ ጋር አንድ አካል ይሆናል። ቀለም ያለው ቀጭን የሱፍ ክር ካገኘሽማ ለጥበቡ እሱን ስጪው። ያ ከሁሉም ይበልጣል።

ክሩ ምን እንደሆነ ከተጠራጠርሽ ሁለት ሦስት ክር ምዘዢና በክብሪት ለኩሺው። በሳህን ላይ ይሁን፣ ተጠንቀቂ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ አመዱ ይልማል። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱንም ቶሎ ይተዋል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ ዶቃ ይሆናል። ዶቃ የሆነውን ክር ካውያ ስር እንዳታስገቢው።

አሁን ስለ ቀለም መልቀቅ ልንገርሽ። ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንዲት ደንበኛዬ የወተት ቀለም ያለው ኮት ሰፋሁ። ኮሌታው ላይ ደማቅ ቀይ ጥለት አደረግሁበት። ጥለቱን ገዝቼ በዚያው ቀን ሰፋሁት። አላጠብኩትም፣ አልሞከርኩትም። ሴትዮዋ ሐምሌ ላይ ለብሳው ወጣች፣ ዝናብ አገኛት። በሦስተኛው ቀን ኮቱን በፌስታል ይዛ መጣች። ቀዩ ከኮሌታው ወርዶ ደረቷ ድረስ ሄዷል። አልተቆጣችም። ዝም ብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። ዛሬም ድረስ ያ ዝምታዋ አይረሳኝም። ኮሌታውንና የፊቱን ጨርቅ ቀይሬ ሰጠኋት፣ ቀለሙ ግን ከቀረው ጋር አንድ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ሳላጥብ የሰፋሁት ጥለት የለም።

አንቺም እንዲህ አድርጊ። ጥበቡን ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና አርጥቢው። ሳይደርቅ ነጭ ጨርቅ መሃል አስገቢና ከላዩ ከባድ ነገር ጭነሽ አሳድሪው። ጠዋት ነጩ ጨርቅ ነጭ ከሆነ ደህና ነው። ቀለም ከነካው ደጋግመሽ እጠቢው። አሁንም ከለቀቀ ተዪው። ሌላው የማጠብ ጥቅም ማጠሩን መጨረስ ነው። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ከ1 ሜትር ላይ 3፣ አንዳንዴም 5 ሳንቲሜትር ሲቀንስ አይቻለሁ። ይህ ማጠር ኮሌታው ላይ ከተሰፋ በኋላ ቢመጣ ሱፉን ይዞት ይጎትተዋል። ኮሌታው እንደ ደረቀ ቅጠል ጫፉ ይጠቀለላል።

የቀለም ምርጫ ላይ አንድ ነገር አስቢበት። ጨርቅሽ አረንጓዴ ነው። ቢጫና ቀይ ከጨመርሽበት ማንም የሚያየው ሰንደቅ ዓላማ ነው። ያንን ፈልገሽ ከሆነ መልካም፣ ካልሆነ ግን ሦስቱን አታገናኚ። እኔ ለጥቁር አረንጓዴ የምወደው ጥቁር መደብ ላይ ወይን ጠጅ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ቀጭን የሰናፍጭ ቀለም መስመር ነው። ጭሱም አያጋልጠውም። አረንጓዴ ለጎጃም ሰው እንግዳ ቀለም አይደለም። ገበሬው አረንጓዴ ቁምጣና ሸሚዝ ሲለብስ ነው ያደግነው። እናትሽ ይህን ቀለም ሲያዩ የራሳቸው ይመስላቸዋል። ስለዚህ ጌጡ አረንጓዴውን እንዳይሸፍንባቸው። ያመጣሽውን ቀለም ሱቅ መብራት ስር አትወስኚበት። ጨርቁንና ክሩን ይዘሽ ደጅ ውጪ፣ ሦስት እርምጃ ራቂና እዪው።

ስፋቱን ለምን 2 ሳንቲሜትር እንዳልኩ ላስረዳሽ። በወርዱ የተሸመነ ጥበብ ቀጥ ያለ ነገር ነው፣ መታጠፍ አይወድም። የኮሌታሽ ጫፍ ክብ ከሆነ ጥበቡ ሲዞር የውጭ ጠርዙ ረጅም፣ የውስጥ ጠርዙ አጭር መንገድ ይሄዳል። ሩብ ክብ ሲዞር 2 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ጥበብ ላይ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሳንቲሜትር ትንሽ ይበልጣል። ያ ሁሉ ትርፍ የሚሄድበት የለውም፣ ይጨማደዳል። ወርዱ 1 ሳንቲሜትር ቢሆን ትርፉም በግማሽ ይቀንሳል፣ በካውያና በእንፋሎት ልታስተኚው ትችያለሽ። ስለዚህ ጫፉ ሹል ከሆነ 2 ሳንቲሜትር ይሂድ። ማዕዘኑ ላይ ሰያፍ አጥፈሽ ታልፊዋለሽ። ጫፉ ክብ ከሆነ ወይ 1 ሳንቲሜትር አድርጊው፣ ወይ በተጎነጎነ ቀጭን የሱፍ ገመድ ተኪው። ጉንጉን ነገር ወደፈለግሽበት ይዞራል። ለመሞከር የሲኒ ማስቀመጫ ውሰጂና ጥበቡን ጠርዙ ላይ አዙሪው። ጠፍጣፋ ሆኖ ካልተኛ ኮሌታሽ ላይም አይተኛም።

ስታስቀምጪው ከኮሌታው ጠርዝ ጋር እኩል አታድርጊው። 7 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ግቢ። ቀድሞ የሚበላው የኮሌታ ጠርዝ ነው። ከጥበቡ ውጭ ትንሽ ሱፍ ካለ መፋተጉን ሱፉ ይቀበለዋል። ቀጭኗ የአረንጓዴ መስመርም ለጥበቡ ክፈፍ ትሆንለታለች። ኮሌታው በሚታጠፍበት መስመር ላይ ግን ምንም እንዳታደርጊ። እዚያ ጌጥ ካለ ኮሌታው አይታጠፍም፣ ይቆማል።

አሁን ብዙ ጎበዝ ሰፊ የሚሳሳትበትን ልንገርሽ። ኮሌታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ጥበቡን ቀጥ አድርገሽ ከሰፋሽው፣ ኮሌታው ሲገጠምና ሲታጠፍ ቅርጹ ይገለበጣል። መስቀል ወይ መቅረዝ የመሰለ ቅርጽ ከሆነ ተዘቅዝቆ ይታያል። መስቀልን ዘቅዝቆ ኮሌታ ላይ ማድረግ እናትሽን እንደሚያሳዝናቸው አንቺም ታውቂዋለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ኮሌታውን በስፒል ኮቱ ላይ ያዢው። እንደሚለበሰው እጠፊው። ከዚያ በልብስ ጠመኔ የላዩንና የታቹን አቅጣጫ ምልክት አድርጊ። ላይና ታቹ አንድ ዓይነት የሆነ ቅርጽ ካስመረጥሽ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም።

መስፋት የሚጀመረው ከማጅራት መሃል ነው። አንዱን ቅርጽ ልክ የጀርባው መሃል ላይ አድርጊው፣ ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሂጂ። ከአንዱ ጫፍ ጀምረሽ ከዞርሽ ግራው ላይ ሙሉ ቅርጽ፣ ቀኙ ላይ ግማሽ ይመጣል። ኮሌታ ደግሞ ሁለቱ ጫፎቹ ፊት ለፊት የሚተያዩ ነገር ነው። ልዩነቱ ቶሎ ይታያል።

ለመጠኑ ምሳሌ ልስጥሽ። የኮሌታሽ የውጭ ጠርዝ 48 ሳንቲሜትር፣ ሁለቱ ጎኖች 9፣ 9 ቢሆኑ ድምሩ 66 ነው። ለሁለቱ ጫፎች መታጠፊያ 3፣ ለማጠሩ 4፣ ቅርጹን መሃል ለማምጣት 6 ጨምሪ። 79 መጣ። 80 ብለሽ ያዢው። የሸማኔው ጨርቅ ወርድ ከዚህ ካነሰ ማጅራት መሃል ላይ መጋጠሚያ ታደርጊያለሽ። እዚያ ከሆነ ነጠላው ይሸፍነዋል።

ኮሌታው አለመገጠሙ ትልቅ ዕድል ነው። ጥበቡን የላይኛው ኮሌታ ላይ ብቻ ስፊው፣ የታችኛው ከመገናኘቱ በፊት። እንዲህ ከሆነ የስፌቱ ጀርባ ውስጥ ይቀራል። በማሽን አትስፊው። ማሽን ጥበቡን እየገፋ ይሄዳል፣ ሱፉ ወደ ኋላ ይቀራል። በእጅሽ፣ በስውር ስፌት፣ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር እየተራመድሽ ሂጂ። ክሩን አታጥብቂው። ሱፉ ላይ ጎድጎድ ብሎ ከታየሽ ጠብቋል ማለት ነው።

ስትሰፊ ኮሌታውን ጠረጴዛ ላይ አታስተኚው። ጋቢ ጠቅልለሽ ጉልበትሽ ላይ አድርጊ፣ ኮሌታውን አንገት ላይ እንዳለ አድርገሽ ከላዩ አልብሺው። አንገት ክብ ነው፣ የኮሌታው የላይኛው ፊት ከታችኛው ትንሽ ረዘም ያለ መንገድ ይዞራል። ጥበቡ በዚያ ቅርጽ ላይ ከተሰፋ የሚበቃውን ርዝመት ያገኛል። ጠፍጣፋ ላይ ከተሰፋ ግን ያጥራል። ኮሌታው ሲገጠም ጫፎቹ ወደ ላይ ይነሳሉ፣ ካውያም አይመልሳቸውም። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው ኮሌታዎቼ አንገት ላይ መተኛት የጀመሩት።

ለቅቤው ደግሞ መላ አለ። ከኮሌታው ውስጥ፣ አንገት በሚነካው በኩል፣ 4 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ጠቆር ያለ የጥጥ ጨርቅ በትናንሽ ቁልፎች የሚወልቅ አድርገሽ ስፊለት። ሁለት ሥሪለት። አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይገባል። ኮቱ በሙሉ ሳይታጠብ ክረምቱን ይከርማል። ቅቤ ሱፉን ከነካው ታልከም ፓውደር ነስንሰሽበት አሳድሪው፣ ጠዋት በብሩሽ አራግፊው። ሙቅ ውሃ ሱፉን አታስነኪው፣ አትሺውም። ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ይኮማተርና ይጠጥራል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም።

ሸማኔው ሁለት ወይ ሦስት መስመር ይሥራልሽ ያልኩት ለጥገና እንዲተርፍሽ ነው። የተረፈውን ጥበብ አትጣይው። 20 ሳንቲሜትር ያህል ቁረጪና በኮቱ ገበር ውስጥ፣ ከታች ቅምቅማቱ አጠገብ፣ በጥቂት ስፌት ያዢው። ኮቱ በታጠበ ቁጥር አብሮ ይታጠባል። የዛሬ አምስት ዓመት ኮሌታው አንድ ቦታ ላይ ቢበላ፣ የምትጠግኚበት ቁራጭ ከኮሌታው ጋር እኩል የደበዘዘ ይሆንልሻል። ለእናትሽም የት እንዳለ አሳዪያቸው። ከተማ ሳትሆኚ ቢቀደድባቸው መንደራቸው ያለ ሰፊ ገበሩን ከፍቶ ሊያወጣው ይችላል።